ሰማዕትነት በመድረክ ላይ፤ ስለ ታዕዚያ ተውኔት የቀረበ አስተያየት

«ሰማዕት» የምንለው ቃል «ሰምዐ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የሰማና የሰማውን የመሰከረ ማለት ነው። በግዕዙ ሰዋስው ብዙ ቁጥር ቢሆንም አማርኛችን ለአንዱም ለብዙውም ሲገለገልበት ኖሯል። የግሪኩ «ማርቲስ»ም ትርጉሙ ምስክር ነው። ዐረብኛውም ከዚህ አይርቅም፤ «ሸሂድ» የሚለው ስም «ሸሂደ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሆኖ፣ በቦታው ተገኘ፣ አየ፣ መሰከረ የሚል ፍቺ አለው። በቁርአን ውስጥ ቃሉ በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ የምስክርነት ፍቺው ነው፤ ስለ እምነታቸው የሞቱት ሰዎች የሚወሱት በአላህ መንገድ የተገደሉት በሚል አነጋገር ነው። «ሸሂድ» ሲባል ስለ እምነቱ የሞተ ማለት መሆኑ የጸናው በሐዲስና በሕግ ሊቃውንት ዘንድ ነው።

እንግዲህ በሦስቱም ቋንቋዎች ለሟቹ የተሰጠው ስም ስለ አሟሟቱ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ምስክርነቱ ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉን የሚሰማለት ሸንጎ ያስፈልገዋል። የሞተ ሰው በማን አንደበት ይመሰክራል? ቃሉንስ ለሸንጎው ማን ያደርስለታል? ጥያቄው ለሃይማኖት ሊቃውንት ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሰማዕትን ታሪክ ለመድረክ የሚያበቃ ጸሐፊ ሁሉ ይገጥመዋል። በመልሱም ተውኔቱ ይቆማል ወይም ይወድቃል። በዚህ ጽሑፍ ይህን የምንመረምረው በአንድ ታላቅ የተውኔት ዓይነት ነው፤ እርሱም የኢራን ሺዓ ሙስሊሞች በየዓመቱ በሙሐረም ወር የሚያሳዩት ታዕዚያ ነው።

«ታዕዚያ» በዐረብኛ ማስተዛዘን ነው፤ እኛ ለቅሶ መድረስ የምንለው። ስሙ ራሱ ተመልካቹ በምን መንፈስ እንደሚሄድ ይናገራል፤ የሚሄደው ሐዘንተኛውን ሊያጽናና፣ እርሱም አብሮ ሊያለቅስ ነው። የአገራችን ሙስሊሞች በአብዛኛው ሱኒ ስለሆኑ ይህ ተውኔት በእኛ ዘንድ አይታወቅም። የዓሹራ ቀን፣ ማለት የሙሐረም አሥረኛው ቀን፣ በሱኒዎች ዘንድ ሙሳና ሕዝቡ ከፈርዖን የዳኑበት ቀን ሆኖ በጾም ይታሰባል። በሞምባሳና በዛንዚባር የሚኖሩ ከህንድ የመጡ ሺዓዎች የሙሐረምን ሐዘን በጉባኤና በሰልፍ ያከብራሉ፤ መድረክ አቁሞ ታሪኩን በተዋናይ ማሳየት ግን በተለይ የኢራን ልማድ ነው።

ተውኔቱን ለመመዘን ታሪኩን ማወቅ ስለሚያስፈልግ ባጭሩ እናንሣው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። በ680 ኸሊፋው ሙዓውያ ሲሞት ልጁ የዚድ ሥልጣኑን ያዘ። የነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጅ፣ የዓሊና የፋጢማ ልጅ የሆኑትን ኢማም ሁሴንንም በይዓ፣ ማለት የታማኝነት ቃል፣ እንዲሰጡት ጠየቃቸው። እርሳቸው እጃቸውን አልሰጡም። ከመዲና ወደ መካ ሄዱ፤ በዚያም ሳሉ የኩፋ ሰዎች መጥተው እንዲመሯቸው ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ላኩባቸው። የአጎታቸውን ልጅ ሙስሊም ኢብን ዓቂልን አስቀድመው ቢልኩ የየዚድ አገረ ገዥ ያዘውና ገደለው፤ ኩፋም ዝም አለች። ሁሴን ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ጉዞ ላይ ሳሉ 1,000 ፈረሰኞች ያሉት ሁር የተባለ አዛዥ መንገዱን ዘጋባቸው። ፈረሰኞቹ በጥማት ዝለው ስለ ነበር ሁሴን ለሰዎቹም ለፈረሶቹም ከራሳቸው ስንቅ ውኃ አጠጧቸው። ይህን ውኃ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከርበላ በተባለ ስፍራ ተከበቡ፤ የኤፍራጥስ ወንዝም ተከለከሉ። ጥቅምት 10 ቀን 680 ሁሴንና በትውፊት 72 የሚባሉት ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ ወደቁ። ሴቶቹና በሕመም ምክንያት ያልተዋጋው ልጃቸው ዓሊ ተማርከው ወደ ኩፋ፣ ከዚያም ወደ ደማስቆ ተነዱ። ከምርኮኞቹ አንዷ የሁሴን እኅት ዘይነብ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው አንድ ክር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማም። በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ከመጡት ሙስሊሞች መካከል በንጉሡ ፊት ቆመው የተናገሩት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የዓሊ ወንድም ነበሩ፤ ለሁሴንና ለዘይነብ አጎት ናቸው። ልጃቸው ዓብደላ የተወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው፤ ኋላም ዘይነብን ያገቡት እኒሁ ዓብደላ ናቸው። ሁሴን ወደ ኩፋ እንዳይሄዱ ደብዳቤ ጽፈው ከለመኗቸው ሰዎች አንዱም እርሳቸው ነበሩ፤ ደብዳቤውን ይዘው የሄዱት ዓውንና ሙሐመድ የተባሉት ልጆቻቸው ግን በከርበላ ሞቱ። ጃዕፈርስ ቢሆኑ? በ629 በሙእታ ጦርነት ሰንደቅ እንደ ያዙ ቀኝ እጃቸው ተቆረጠ፤ በግራ ቢይዙት ግራውም ተቆረጠ። ነቢዩም በጀነት በሁለት ክንፍ እንደሚበርሩ ስለ ተናገሩላቸው «በራሪው» ተብለው ይጠራሉ። በአክሱም በአንደበታቸው የመሰከሩት ሰው በሙእታ በእጃቸው መሰከሩ ማለት ነው።

ስለ ሰማዕትና ስለ ወዲያኛው ዓለም የእስልምና እምነት ምን እንደሚል ማወቅም የግድ ነው፤ ያለዚያ ተውኔቱን በባዕድ ሚዛን እንመዝነዋለን። በአላህ መንገድ የተገደለ ሰው ሞተ አይባልም፤ በጌታው ዘንድ ሕያው ነው፣ ሲሳይም ይሰጠዋል ተብሎ ይታመናል። ሌላው ሟች ታጥቦ ተከፍኖ ሲቀበር፣ በጦር ሜዳ የወደቀው ሸሂድ ግን ሳይታጠብ በለበሰው ልብስ ከነደሙ ይቀበራል። ክቡርነቱ ግን ለጦረኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በወረርሽኝና በሆድ ሕመም የሞተ፣ ውኃ የወሰደው፣ ግንብ የተናደበት፣ በወሊድ የሞተች እናት ሁሉ በሐዲስ ከሸሂዶች ይቆጠራሉ። (ይህን ስናገር የሚገረሙ ተማሪዎች አያለሁ፤ ሸሂድ ሲባል ጎራዴ ብቻ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው።) በአንጻሩ ራስን መግደል በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ መከራ በዛብኝ ብሎ ሞትን መመኘት እንኳ አይፈቀድም። መሥዋዕትነትም እንዲሁ ነው። በአረፋ በዓል የሚታረደው በግ ኢብራሂም ልጃቸውን ለመሠዋት መታዘዛቸውን ያስታውሳል፤ ወደ አላህ የሚደርሰው ግን ሥጋውና ደሙ ሳይሆን የሰውየው ፍርሃተ አምላክ እንደ ሆነ ቁርአን ያስተምራል። የኢብራሂም ልጅ አልሞተም። ከታዕዚያ ክፍሎች አንዱ ይኸንኑ የኢብራሂምን ታሪክ አንሥቶ ከከርበላ ጋር ያያይዘዋል፤ ተመልካቹም ለከርበላ ልጆች በግ እንዳልወረደላቸው ያውቃልና ያለቅሳል።

ሺዓዎች በዚህ የጋራ እምነት ላይ የሚጨምሩት ሸፋዓን ነው፤ ምልጃ ማለት ነው። የምልጃ እምነት በሱኒዎችም ዘንድ አለ፤ በሺዓዎች ዘንድ ግን የሁሴን መከራ ልዩ የምልጃ ሥልጣን እንዳስገኘላቸው ይታመናል። ተውኔቱን በሚመለከት ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ታዕዚያ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በ1501 ሰፋዊዎች ሺዓነትን የኢራን መንግሥት ሃይማኖት ካደረጉ በኋላ በሙሐረም የሚደረገው የሐዘን ሰልፍ እየደመቀ ሄደ። በ1502 ገደማ ካሺፊ የተባለው ጸሐፊ የሰማዕታቱን ታሪክ በፋርስኛ አዘጋጀ፤ መጽሐፉም በጉባኤ ላይ እየተነበበ ሕዝቡ ያለቅስበት ጀመር። ሰልፉና ንባቡ ጎን ለጎን ሁለት መቶ ዓመት ከምናምን ከተጓዙ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ተገናኙና ተውኔት ሆኑ። በ19ኛው መቶ ዓመት ናስረዲን ሻህ በቴህራን ለታዕዚያ ብቻ የሚሆን ታላቅ ክብ አዳራሽ አሠራ። በ1930ዎቹ ሬዛ ሻህ ተውኔቱን ኋላ ቀር ነው ብሎ ከለከለ፤ አዳራሹም በ1940ዎቹ ፈረሰ። ታዕዚያ ግን ወደ ገጠር ሸሽቶ ኖረ። በ2010 ዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ከዚህ ላይ እንግዳ የሆነ የታሪክ ግጥምጥሞሽ አለ። ከታዕዚያ ጽሑፎች ታላቁን ክምችት፣ 1,055 ቅጂዎችን፣ ሰብስቦ ለቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያስረከበው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቴህራን የጣሊያን አምባሳደር ነበር። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ስሙን የምናውቀው በኢትዮጵያ ጥናቱ ነው። አባቶቻችን ግን የሚያውቁት በሌላ ነው፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ጠቅላይ ገዥ ምክትል ሆኖ ሠርቷል፣ ከጦርነቱም በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት በጦር ወንጀለኝነት ስማቸውን ካቀረባቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ይኸው ሰው በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ነቢዩ ወደ ሰማይ ስለ መውጣታቸው የሚተርከው የእስልምና ትውፊት የጣሊያናዊውን የዳንቴን ሥራ ሳይነካው እንዳልቀረ አሳይቷል። የሰማዕታትን ሙሾ በትዕግሥት የለቀመ እጅ በእኛ አገር ምን እንደ ፈረመ ማሰብ ደስ አይልም፤ ስብስቡ ግን ያለ እርሱ በከፊል ጠፍቶ ይቀር ነበር፣ ይህንንም መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ መድረኩ እንግባ። በታሪክ የተነሡትን ሰዎች በአክብሮት ጠርቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ እንደ ሥነ ጽሑፍ ልማድ ገጸ ባሕርያቱን በነጠላ እጠራለሁ፤ አንባቢ ድፍረት አያድርግብኝ።

መድረኩ ክብና ባዶ ነው፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቀመጣል። መጋረጃ የለም። አንድ ሳፋ ውኃ ኤፍራጥስ ወንዝ ነው። ተዋናዩ መድረኩን አንድ ጊዜ ከዞረ ከአገር አገር ተጓዘ ማለት ነው። ሐዘንተኛ ገለባ በራሱ ላይ ከነሰነሰ አፈር መልበሱ ነው። ጃንጥላ የያዘ ሰው ከሰማይ የወረደ ነው። የሁሴን ወገኖች አረንጓዴ ወይም ነጭ ይለብሳሉ፤ ጠላቶቻቸው ቀይ። የሁሴን ወገኖች በፋርስ የዜማ ቅኝት ያዜማሉ፤ ጠላቶቹ ዜማ የላቸውም፣ ይጮኻሉ። የሴቶቹን ድርሻ ፊታቸውን የሸፈኑ ወንዶች ይጫወቱታል። አዘጋጁ በመድረኩ መካከል ወዲያ ወዲህ እያለ ለአንዱ ጎራዴ፣ ለሌላው ወረቀት ያቀብላል፤ ማንም አይደንቀውም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ተዋናዩ ቃሉን በቃሉ ቢያጠናም እንኳ በመዳፉ የምታህል ብጣሽ ወረቀት ይዞ ከእርሷ እያነበበ መጫወቱ ነው። ሁሴን ነኝ አይልም፤ የሁሴንን ቃል አነበብኩላችሁ ነው የሚለው። ሁሴንን የሚገድለውን ሺምርን የሚጫወተውም ሰይፉን እንዳነሣ ያለቅሳል፣ ተመልካቹ ከእርሱ ጋር እንደማይስማማ እንዲያውቅለት። በአውሮፓ ትያትር ትምህርት ይህ ሁሉ ጉድለት ይባል ነበር። እኔ ግን የታዕዚያ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱን ኋላ እገልጻለሁ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ የሰማዕት ተውኔት ትራጀዲ ሊሆን ይችላል ወይ? አርስቶትል የሚፈልገው ባለ ታሪክ ባለማወቅ ተሳስቶ የሚወድቅ ነው። ሰማዕት አይሳሳትም፤ መውደቁንም ያውቃል፤ ከወደቀ በኋላም ጀነት ይጠብቀዋል። ታዲያ የሚያስፈራን፣ የሚያሳዝነን ምኑ ነው? ጥያቄው ጥሩ ነው። የታዕዚያ ደራስያን፣ ስማቸው በአብዛኛው የማይታወቀው እኒያ የመንደር ባለ ቅኔዎች፣ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። አንዱ ድንቅ ሲሆን፣ ሌላው ደካማ ነው።

ድንቁን በመጀመሪያ እንመልከት። በታዕዚያ ውስጥ ከሁሴን ሞት ይልቅ የሚያስጨንቀው የሁር ምርጫ ነው። ሁር ክፉ ሰው አይደለም፤ ወታደር ነው፣ ታዝዞ መንገድ ዘግቷል። የተዘጋበት ሰው ግን ውኃ አጠጥቶታል። አሁን ያ ሰው ከነልጆቹ በጥማት ሲንገበገብ ያያል። ሌሊቱን ሲያመነታ፣ ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ ጓደኛው አንተ ጀግና ሆነህ ለምን ትንቀጠቀጣለህ ቢለው ነፍሱ በጀነትና በጀሀነም መካከል እንዳለች ይነግረዋል። ጧት ፈረሱን ወደ ሁሴን ያዞራል። እዚህ ላይ ወዲያኛው ዓለም እንደ ደመወዝ አልቀረበም። በዚህኛው ዓለም የምትደረግ የአንዲት ሌሊት ምርጫ ምን ያህል እንደምትከብድ የሚያሳይ ሚዛን ሆኖ ነው የቀረበው። ሁር ባያዞር ኖሮ ምንም አይደርስበትም ነበር። ተመልካቹ ፍጻሜውን ከልጅነቱ ጀምሮ ቢያውቀውም ትንፋሹን የሚውጠው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ተመልካች ሁርን ሊሆን ይችላልና፣ ሁሴንን ግን ሊሆን አይችልም።

የዓባስም ክፍል እንዲሁ ነው። የሁሴን ወንድም ዓባስ የሚሄደው ሊሞት አይደለም፤ ለሕፃናቱ ውኃ ሊቀዳ ነው። ከሳፋው፣ ማለት ከኤፍራጥስ፣ ደርሶ በእፍኙ ውኃ ያነሣል፤ የወንድሙን ጥማት ያስባል፤ ይደፋዋል። ስልቻውን ሞልቶ ሲመለስ ቀኝ እጁ ይቆረጣል፤ በግራው ይይዛል፤ ግራውም ይቆረጣል። በጥርሱ ይይዛል። ቀስት ስልቻውን ይበሳዋል። የጃዕፈርን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች የአጎትየው ሞት በወንድሙ ልጅ እንደ ተደገመ ይገባዋል፤ ልዩነቱ ጃዕፈር የያዙት ሰንደቅ፣ ዓባስ የያዘው ውኃ መሆኑ ነው። በተውኔት ሚዛን ውኃው ይበልጣል። ሰንደቅ ምሳሌ ነው፤ ውኃ ግን የሚጠማ ሕፃን አለው። የሚያስለቅሰውም የእጆቹ መቆረጥ አይደለም፤ እጁ ሲቆረጥ ሕዝቡ ዝም ይላል፣ ስልቻው ሲበሳ ነው ዋይታው የሚነሣው፤ ጥሩ ደራሲ የሐዘንን ጫፍ የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል።

ደካማው መልስ ደግሞ የሚከተለው ነው። በብዙ የታዕዚያ ክፍሎች ሁሴን ገና ዓለም ሳይፈጠር ለኃጢአተኞች ምልጃ ሲል ይህን መከራ በፈቃዱ ተዋውሏል፤ መላእክትም ነቢያትም ያውቁታል። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሉዊስ ፔሊ በ1879 በሁለት ቅጽ ባሳተመው የ37 ትዕይንቶች ትርጉም የመጨረሻው ትዕይንት የትንሣኤ ቀን ነው። በዚያም የምልጃ ቁልፍ ከሁሉ ይልቅ መከራ ለተቀበለው ለሁሴን ይሰጣል፤ ለእርሱ አንዲት እንባ ያፈሰሰ ሁሉ ከእሳት ወጥቶ ወደ ጀነት ይገባል። ገድሎቻችንን ያነበበ ተማሪ ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ጻድቁ በመጨረሻው ሰዓት ኪዳን ይቀበላል፤ መታሰቢያውን ያደረገ፣ ስሙን የጠራ ይማርለታል። ሁለቱ እምነቶች በብዙ ቢለያዩም የአተራረክ ልማዳቸው እዚህ ላይ ይመሳሰላል።

እምነቱን እንደ እምነት መንካት የእኔ ድርሻ አይደለም። የምለው ስለ ተውኔቱ ነው። ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተዋውሎ ካለቀ ሁሴን በየዚድ ፊት እንቢ ያለው ለምንድን ነው? እንቢታው ትርጉም ያጣል፤ የዚድም የዕቅዱ ፈጻሚ እንጂ በዳይ አይሆንም። እንባውም ዋጋው ተተምኖ በመግቢያ በር ላይ የሚከፈል ገንዘብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ከቲያትሩ ሲወጣ ምንም የሚጠየቀው ነገር የለም። የታሪኩ ጥንታዊ ዘገባዎች ይህን ያህል የተዘጉ አይደሉም። በጠበሪ ታሪክ ከተጠበቁት ዘገባዎች አንዱ ሁሴን ወደ መጣበት እንዲመለስ ወይም ወደ ድንበር እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ጠይቆ ነበር ይላል፤ ሌላው ዘገባ ይህን በከፊል ይክዳል። በመጨረሻዋ ሌሊት ደግሞ ጓደኞቹን ሰብስቦ ከቃላቸው ፈትቷቸዋል፤ ጠላት የሚፈልገው እርሱን ብቻ ስለሆነ በጨለማው ተጠቅመው እንዲሄዱ ነግሯቸዋል። አልሄዱም። ተከታዮቹን አስሮ ወደ ሞት የሚነዳ መሪና በሩን ከፍቶ የሚያሰናብት መሪ አንድ አይደሉም፤ ለተውኔትም ሁለተኛው እጅግ የበለጠ ሀብት ነው። ይህን ሌሊት የሚያሳዩ የታዕዚያ ክፍሎች ከትንሣኤው ትዕይንት ሺህ ጊዜ ይልቃሉ።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። ከ1979 አብዮት ጥቂት ዓመታት በፊት ሳሌሂ ናጃፋባዲ የተባለ የሃይማኖት ሊቅ ሁሴን የተነሣው ለመሞት ሳይሆን የተበላሸውን አስተዳደር ለማቃናት ነው፣ ሞቱም የተጫነበት ነው የሚል መጽሐፍ ጽፎ በኢራን ታላቅ ውዝግብ ተነሣ። በዚያው ዘመን ዓሊ ሸሪዓቲ በቴህራን ባደረጋቸው ንግግሮች እንባ ብቻ የሆነውን ሺዓነት ነቅፎ ሸሂድነትን የተግባር ምስክርነት አድርጎ አስተማረ። ሁለቱም የተቃወሙት ያንኑ የተተመነ እንባ ነው። ይሁን እንጂ ከ1980 እስከ 1988 ከኢራቅ ጋር በተደረገው ጦርነት የከርበላ ስም የዘመቻዎች ስም ሆነ፤ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆችም የሁሴንን ስም በግንባራቸው አስረው ወደ ፈንጂ ሜዳ ገቡ። ሞት ራሱ ግብ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። አስተማሪዎች ነንና ልጆቹ በኛ ክፍል ከተቀመጡት ጋር እኩያ እንደ ነበሩ ማሰብ ይገባናል። ስለ ሁሴን ሰምተዋል፤ በመጨረሻዋ ሌሊት በሩን ስለ ከፈተው ሁሴን ግን ምን ያህል እንደ ተነገራቸው እጠራጠራለሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ አነሣነው ጥያቄ፣ ምስክሩ ማነው ወደሚለው እንመለስ። በእኔ አስተያየት ታዕዚያ ለዚህ የሰጠው መልስ ዘይነብ ናት። ወንድሞቿን፣ ልጆቿን በአንድ ቀን አጥታለች። በኩፋ ገበያ እጇን ታስራ ስትነዳ፣ ደብዳቤ ጽፈው ወንድሟን ጠርተው ከዚያ የከዱት ሰዎች እያዩ ያለቅሳሉ። እርሷም በዚያ እንባ ትቆጣለች፤ ማን ገደለንና ነው የምታለቅሱት ትላቸዋለች። ይህ በታሪክ የተዘገበ ነው፤ በተውኔቱ ሲቀርብ ደግሞ ልዩ ኃይል ያገኛል። ዙሪያውን ተቀምጦ የሚያለቅሰው ሕዝብ በአንድ ጊዜ የኩፋን ሕዝብ ይሆናል። እንባው በጀነት በር የሚከፈል ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆኖ ይመለስበታል። በደማስቆም በየዚድ ችሎት ፊት ቆማ ትናገራለች። ሁሴን ከርበላ ላይ ሞተ፤ ምስክርነቱ ችሎት ፊት የደረሰው ግን በእርሷ አንደበት ነው። ሰማዕትነት ሞትን ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በዓሹራ ከሰዓት በኋላ ባለቀ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን የምርኮ ክፍሎች ረዥምና አሰልቺ ናቸው የሚሉ ተቺዎች አሉ። እርዝመታቸው እውነት ነው፤ መቁረጥ ግን ምስክሩን ከሸንጎ ማስወጣት ነው።

የወረቀቷም ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጻል። በመዳፉ ወረቀት የያዘው ተዋናይ፣ ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ እንደ ዘይነብ ቃል አድራሽ ነው። ሁሴንን መስሎ ተመልካቹን አያታልልም። ይህ ሁኔታ ሲጠፋ ታዕዚያ ወዲያው ይሞታል። እንግሊዛዊው የትያትር አዘጋጅ ፒተር ብሩክ በ1970 በሰሜን ምሥራቅ ኢራን መንደር ያየው ታዕዚያ በትያትር ካያቸው ነገሮች ሁሉ ከሚበልጡት አንዱ እንደ ነበር ተናግሯል፤ በሺራዝ ፌስቲቫል ለከተማ እንግዶች የቀረበውን ሲያይ ግን ያ ነገር እንደ ሌለ ታዘበ። ተዋንያኑ፣ ዜማውና ልብሱ ነበሩ። የጎደለው ለቅሶ ደራሹ ነበር።

ኢራናዊው የፊልም አዘጋጅ ዓባስ ኪያሮስታሚ ይህን በሚገባ ተረድቶታል። በ2003 ታዕዚያን በሮም ከተማ ሲያሳይ በመድረኩ ዳርና ዳር ሰፋፊ ሸራዎችን ሰቀለ። በሸራዎቹ ላይ የታዩት በኢራን መንደር ተቀምጠው ያንኑ ተውኔት የሚመለከቱ ሰዎች ፊት ነበር፤ በአንዱ ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች። የሮም ተመልካች ፋርስኛ አያውቅም፤ ከመድረኩ ይልቅ ዓይኑ ወደ ሸራዎቹ ይሄድ ነበር። ሺምር ሰይፉን ሲያነሣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ፣ አንድ ሽማግሌ በመዳፉ ግንባሩን ሲመታ ያያል።